አድቨርቢያል ክሎዝ ስናስተምር የምንሠራቸው ስህተቶች

ዘጠኙን የአድቨርቢያል ክሎዝ ዓይነቶች በቃሉ የሚዘረዝር ተማሪ ነበረኝ። አድቨርቢያል ክሎዝ ማለት ዋናው ድርጊት መቼ፣ ለምን፣ እንዴት እንደሆነና የመሳሰለውን የሚናገር፣ ብቻውን የማይቆም የዓረፍተ ነገር ክፍል ነው። የጊዜ፣ የቦታ፣ የምክንያት፣ የዓላማ፣ የውጤት፣ የሁኔታ፣ የተቃርኖ፣ የአኳኋን፣ የንጽጽር። ከሥሩ የተሰመረበት ክሎዝ የትኛው ዓይነት ነው ሲባል አንድም አይስትም። አንድ ቀን አርፍዶ መጣ። ለምን እንዳረፈደ በእንግሊዝኛ ንገረኝ አልኩት። «ቢኮዝ…» አለና ቆመ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና «ቢኮዝ…» አለ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ቦታው ሄዶ ተቀመጠ።

ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። ዘጠኙን ስም ያስሸመደድኩት እኔ ነኝ። በአንዱም እንዲናገር ግን አላለማመድኩትም። ከዚያ ወዲህ የሌሎች መምህራንንም ክፍል ገብቼ አይቻለሁ። ያንኑ ስህተት ደጋግሜ ሳይ ዝም ማለት ስላልቻልኩ ነው ይህን የምጽፈው። የምጽፈውም አማርኛ ተናጋሪዎችን እንግሊዝኛ ለምታስተምሩ ነው።

ስሙን ማስቀደም

ሰሌዳው ላይ ሠንጠረዥ ይሠራል። በግራ የክሎዙ ስም፣ በቀኝ ማያያዣ ቃላቱ። ተማሪው ይገለብጣል፣ ይሸመድዳል፣ ይፈተናል። ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ማንም አንድ ዓረፍተ ነገር አልተናገረም።

ሠንጠረዡ ደግሞ ያሳስታል። «ሲንስ» ከጊዜ ሥር ተጽፏል እንበል። ተማሪው «ሲንስ ሺ ሌፍት፣ አይ ሃቭ ቢን አሎን» የሚለውን ሲያይ ይገባዋል፤ ከሄደች ወዲህ ብቻዬን ነኝ ማለት ነው። «ሲንስ ዩ አር ሂር፣ ሌትስ ስታርት» ሲመጣ ግን ግራ ይገባዋል። እዚህ ላይ ምክንያት ነው፤ አንተ ስላለህ እንጀምር። «ዋይል»ም አንዴ ጊዜን፣ አንዴ ተቃርኖን ያሳያል። «አዝ» ጊዜም፣ ምክንያትም፣ አኳኋንም ሊሆን ይችላል። ቃሉን ከአንድ ስም ጋር ያጣበቀ ተማሪ ትርጉሙን አይፈልግም። ሠንጠረዡን ነው የሚያስታውሰው።

እኔ አሁን የምጀምረው ከሁለት ድርጊቶች ነው። ዝናቡ ዘነበ። ጨዋታው ቆመ። እነዚህን ሁለቱን እንዴት ልናገናኛቸው እንችላለን ብዬ በአማርኛ እጠይቃለሁ። ክፍሉ በአንድ ጊዜ ይነሳል። ስለዘነበ ቆመ። ቢዘንብም አልቆመም። ከዘነበ ይቆማል። ሲዘንብ ቆመ። እስኪዘንብ ድረስ ተጫወቱ። ያን ጊዜ ለእያንዳንዱ እንግሊዝኛውን እሰጣለሁ፤ «ቢኮዝ»፣ «ኦልዞው»፣ «ኢፍ»፣ «ዌን»፣ «አንቲል»። ተማሪው ሐሳቡን አስቀድሞ ይዞታል፤ የጎደለው ቃሉ ብቻ ነበር። የክሎዙ ስም ከሳምንት በኋላ ቢመጣ ምንም አይጎድልም።

«ዊል»ን «እንዲሁ አይገባም» ብሎ ማለፍ

«ዌን አይ ዊል አራይቭ፣ አይ ዊል ኮል ዩ።» ይህን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ በቀይ እንዳረምኩት እግዜር ይወቀው። ለዓመታት የምሰጠው ማብራሪያ አንድ ብቻ ነበር፤ ከ«ዌን» በኋላ «ዊል» አይገባም፣ ልዩ ሕግ ነው፣ ያዙት። እነሱም ይይዙታል። በሚቀጥለው ሳምንት ያው ስህተት ይመለሳል።

መልሱ አፋችን ላይ ነበር። «እደርሳለሁ» የሚለውን ውሰዱ። መጨረሻው ላይ «አለሁ» አለ። አሁን «ስደርስ እደውላለሁ» በሉ። «ስደርስ» ላይ ያ «አለሁ» የታለ? የለም። «ስደርሳለሁ እደውላለሁ» የሚል ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? «አለሁ» የሚመጣው አንዴ ብቻ፣ ዋናው ግስ ላይ ነው። እንግሊዝኛውም ያንኑ ነው የሚያደርገው። «ዌን አይ አራይቭ፣ አይ ዊል ኮል ዩ።» «ዊል» የሚመጣው አንዴ፣ ሜን ክሎዙ (ዋናው ክፍል) ላይ። ከ«ኢፍ»፣ ከ«ቢፎር»፣ ከ«አፍተር»፣ ከ«አንቲል»፣ ከ«አዝ ሱን አዝ» በኋላም እንደዚሁ ነው።

ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን የጻፍኩ ቀን ከኋላ የተቀመጠ ልጅ «ታዲያ እኮ እናውቀዋለን!» አለ። እውነቱን ነው። ያውቁታል። ባዕድ ሕግ አስመስለን ያስፈራናቸው እኛ ነን።

አንድ ነገር ግን አብራችሁ ንገሯቸው። «አይ ዶንት ኖው ዌን ሂ ዊል ካም» ትክክል ነው። ተማሪ ይህን ሲያይ መምህሩ የዋሸው ይመስለዋል። መለያው አሁንም አማርኛው ነው። «ዌን» «ሲመጣ» ከሆነ «ዊል» አይገባም። «መቼ እንደሚመጣ» ከሆነ ይገባል፤ እሱ አድቨርቢያል ክሎዝ አይደለምና።

በአማርኛው ውስጥ ያለውን አሉታ አለማየት

ይህ ብዙ መምህር የማያየው ነው። እኔም ቆይቼ ነው ያየሁት።

አማርኛ «ሳይመሽ እንሂድ» ይላል። «ሳይመሽ» ውስጥ አሉታ አለ። ተማሪው ይህን በልቡ ይዞ «ሌትስ ጎ ቢፎር ኢት ኢዝ ኖት ዳርክ» ብሎ ይጽፋል። «ካላጠናህ ትወድቃለህ» የሚለውን ደግሞ «አንለስ ዩ ዶንት ስተዲ፣ ዩ ዊል ፌይል» ያደርገዋል። «እስካልመጣ ድረስ አልሄድም» የሚለው «አይ ዊል ኖት ጎ አንቲል ሂ ዳዝንት ካም» ይሆናል። ሦስቱም ከአንድ ቦታ የመጡ ናቸው። አማርኛ አሉታውን ግሱ ላይ ይለጥፋል። እንግሊዝኛ ግን ማያያዣው ራሱ ሥራውን ስለሚሠራ ግሱ አዎንታ ሆኖ ይቀራል። «አንለስ» አሉታውን በሆዱ ይዞታል። ሌላ ከጨመርንበት ትርጉሙ ይገለበጣል።

ድሮ «ዶንት» የሚለውን ሰርዤ ደብተሩን እመልስ ነበር። አልጠቀመም። አሁን ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ «አንለስ ዩ ስተዲ» እና «አንለስ ዩ ዶንት ስተዲ»። ከዚያ «በየትኛው ነው ያጠና ሰው የሚወድቀው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ዝምታ ይሆናል። ቀጥሎ አንዱ ይስቃል፣ ሌላው ይከተላል። ያጠና ሰው እንዲወድቅ የፈረዱት እነሱ እንደሆኑ ይታያቸዋል። ከዚያ በኋላ ስህተቱ ጨርሶ አይጠፋም፤ ግን ራሳቸው ያገኙታል።

«በቢኮዝ ዓረፍተ ነገር አይጀመርም» ማለት

እባካችሁ ይህን አትበሉ። ውሸት ነው። «ቢኮዝ ኢት ሬይንድ፣ ዘ ጌም ስቶፕድ» ምንም እንከን የሌለው ዓረፍተ ነገር ነው። ይህን ሕግ ተምረው ያደጉ ጎልማሶች አጋጥመውኛል። ትክክለኛ ዓረፍተ ነገር ጽፈው፣ መልሰው ሰርዘው፣ የተበላሸ ይጽፋሉ። አንድ ጊዜ የገባ የሐሰት ሕግ ለማውጣት ዓመታት ይፈጃል።

መምህሩ ሕጉን ያወጣበት ምክንያት ይገባኛል። ተማሪዎች «አይ ዲድ ኖት ካም» ብለው ነጥብ ያስቀምጣሉ። ቀጥለው «ቢኮዝ አይ ዋዝ ሲክ» ብለው ሌላ ነጥብ ያስቀምጣሉ። ሁለተኛው ብቻውን መቆም አይችልም። ግን የችግሩ ምንጭ «ቢኮዝ» መጀመሪያ ላይ መምጣቱ አይደለም። ምንጩ ትርጉሙ ነው። «ቢኮዝ» ማለት «ምክንያቱም» ነው ብለን አስተምረናቸዋል። በአማርኛ ደግሞ «አልመጣሁም። ምክንያቱም አሞኝ ነበር።» ብሎ በአራት ነጥብ መለየት ያስኬዳል። ተማሪው የተነገረውን በታማኝነት ነው የፈጸመው። «ቢኮዝ»ን ከ«ስለ» ጋር አስተሳስሩት። «ስለታመምኩ።» ብሎ ማንም ዓረፍተ ነገር አይዘጋም። ጆሮው ራሱ የቀረውን ይጠይቃል።

በንግግር ግን ልቀቋቸው። «ዋይ?» ተብሎ ተጠይቆ «ቢኮዝ አይ ዋዝ ሲክ» ብሎ የመለሰ ተማሪ አልተሳሳተም። አፍ መፍቻቸው እንግሊዝኛ የሆነ ሰዎችም የሚመልሱት እንደዚያው ነው። «ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናገር» እያልን የሚያወራውን ሰው አፍ አንዝጋ።

«ኦልዞው» እና «በት» አብረው

«ኦልዞው ሂ ዋዝ ታየርድ፣ በት ሂ ኬም።» አማርኛ ተቃርኖን ደጋግሞ ማሳየት ይወዳል። «ምንም እንኳ ቢደክመውም ግን መጣ» ስንል ስንት ምልክት እንዳለ ቁጠሩ። እንግሊዝኛ ለሁለት ክሎዝ አንድ ማያያዣ ይበቃዋል። «ቢኮዝ» ጀምሮ «ሶ» ማስገባትም ያው ነው።

ሁልጊዜ ከፊት፣ ያለ ኮማ

በአማርኛ ጥገኛው ክፍል ከዋናው ይቀድማል። ስለዚህ ተማሪዎቻችን እንግሊዝኛም ሲጽፉ ሁሌ ያስቀድሙታል። አንድ ገጽ ሙሉ «ዌን…»፣ «ኢፍ…»፣ «ቢኮዝ…» እያለ የሚጀምር ጽሑፍ ይደርሳችኋል። ያንኑ ዓረፍተ ነገር ገልብጠው እንዲጽፉ አድርጓቸው። ጥገኛው ሲቀድም ኮማ ይግባ፤ ሲከተል በአብዛኛው አይግባ። ይህ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ ከዚያ በላይ አትቆዩበት።

ለማሳጠር መቸኮል

«ዎኪንግ ኢንቱ ዘ ሩም፣ ዘ ፎን ራንግ።» ተማሪው «ክፍሉ ስገባ ስልኩ ጮኸ» ማለቱ ነው። የጻፈው ግን ስልኩ በእግሩ ሄዶ ክፍሉ ገባ ነው። «ስገባ» ስንል የገባው ማን እንደሆነ ግሱ ይናገራል፤ «ስትገባ»፣ «ሲገባ»፣ «ስንገባ» ሁሉም ባለቤታቸውን ይዘው ይዞራሉ። «ዎኪንግ» ባለቤት የለውም። የሚወስደው የሜን ክሎዙን ባለቤት ነው። ሙሉውን «ዌን አይ ዎክድ ኢንቱ ዘ ሩም» በደንብ ሳይለማመዱ ማሳጠር አታስተምሯቸው። ያጠረው ዓረፍተ ነገር የተራቀቀ ስለሚመስል ጎበዞቹ ናቸው ቀድመው የሚወድቁበት።

«ቢኮዝ» እና «ቢኮዝ ኦፍ»ን በአንድ ቀን ማስተማር

አታድርጉት። አንዱ ግስ ያለው ክሎዝ ይፈልጋል፣ ሌላው ስም። «ኦልዞው» እና «ዴስፓይት»ም እንደዚሁ። መጀመሪያ አንዱ ይደር።

ሲናገሩ ማቋረጥ

ክፍል ውስጥ ድምፅዋ የማይሰማ ተማሪ ነበረችኝ። አንድ ቀን እጇን አነሳችና «ኦልዞው አይ ዋዝ አፍሬይድ፣ በት አይ ስፖክ» አለች። «በት» የምትለዋ ቃል አፌ ላይ መጥታ ነበር። ዋጥኳት። «ለምን ፈራሽ?» ብዬ በእንግሊዝኛ ጠየቅኳት፤ እሷም ነገረችኝ። ዓረፍተ ነገሩን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። በሚቀጥለው ሳምንት ከሌሎች አምስት ዓረፍተ ነገሮች ጋር አደባልቄ፣ የማን እንደሆነ ሳልናገር፣ ሰሌዳ ላይ አሰፈርኩት። ወጥታ «በት»ን ያጠፋችው እሷ ናት።