ዳይፐሩ ይቆይ፣ መጀመሪያ ሰዓቱን እንይ

አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነርስ ነኝ። አዲስ ተንከባካቢ ሲመጣ ቶሎ የሚለምደው ዳይፐር መቀየር ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ወረቀትና እስክሪብቶ ነው የማስይዘው።

ሽንት የሚያመልጣቸውን አረጋውያን ለሦስት ቀን ተከታትላችሁ መዝግቡ። መቼ ሸኑ? መቼ አመለጣቸው? ምን ያህል ጠጡ? ሲያመልጣቸው ምን እያደረጉ ነበር? ሲያስሉ ወይም ሲነሱ ጠብ የሚልባቸው አሉ፤ ፊኛን የሚደግፉት ጡንቻዎች ላልተዋል ማለት ነው። ድንገት መጥቶባቸው ሽንት ቤት ሳይደርሱ የሚያመልጣቸውም አሉ። ቀኑን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ የሚንጠባጠብባቸው ከሆነ ግን ፊኛቸው ሞልቶ እየፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም ንገሩ።

እኔ በብዛት የማየው ሌላ ነው። ሽንታቸው መምጣቱን ያውቃሉ፤ ግን ከአልጋ መነሳት፣ ቁልፍ መፍታት ወይም በሩን ማግኘት ያቅታቸዋል። ለእነሱ ላስቲክ ወገብ ያለው ሱሪ፣ የሌሊት መብራትና የእጅ መደገፊያ ከብዙ ክኒን ይሻላል። የመርሳት በሽታ ላለባቸው ደግሞ ቀለሙ ከግድግዳውና ከወለሉ የሚለይ የሽንት ቤት መቀመጫ አድርጉ።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ቀን ቀን በየሁለት ሰዓቱ ሂዱና ቀስ ብላችሁ፣ «እማማ፣ ልብስዎ ደረቅ ነው?» በሉ። ቀጥላችሁ፣ «ሽንት ቤት ልውሰድዎት?» እምቢ ካሉ ትንሽ ቆይታችሁ ድገሙት፤ አታስገድዱ። ሲሳካላቸው አመስግኗቸው። ሰው በተሰበሰበበት «ዳይፐርዎ ሞላ እንዴ?» ብሎ መጮህ ግን ነውር ነው፤ ስንት ልጅ ያሳደጉ ሰዎች ናቸው እኮ። ይህንንም ለሦስት ቀን ሞክሩት። ለውጥ ካሳዩ ቀጥሉ። ካላሳዩ ጥሩ ዳይፐር አድርጉላቸውና በጊዜው ቀይሩ፤ በግድ መመላለሱ ሁለታችሁንም ያደክማል።

«እንዳይሸኑ» ብሎ ውሃ መከልከል የተለመደ ነው። አታድርጉት። የወፈረ ሽንት ፊኛን ያስቆጣል፣ ሆድም ይደርቃል። የደረቀ ሰገራ ደግሞ ፊኛን ስለሚጫን ሽንቱን ያባብሰዋል፤ ስለዚህ የሽንት ችግር ሲነገረኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ለመጨረሻ ጊዜ ሰገራ የወጡት መቼ ነው?» ብዬ ነው። ለልብ ወይም ለኩላሊት ሐኪም ካልከለከለ በቀን አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ይጠጡ፤ አብዛኛው ቀን ላይ ይሁን፣ ከመኝታ በፊት ሁለት ሦስት ሰዓት ይቀንስ። ቡናና ሻይ ጠዋት ይሻላል። እግራቸው የሚያብጥ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ጋደም ብለው እግራቸውን ከፍ ያድርጉ፤ እግር ላይ የተጠራቀመው ፈሳሽ ሌሊት ከሚወጣ ቀን ይውጣ። ሽንት የሚያበዛ ክኒን የሚወስዱ ከሆነም ሰዓቱን ሐኪሙን ጠይቁ።

ሽንት ስለሸተተ ብቻ ኢንፌክሽን ነው አትበሉ። በዚህ ዕድሜ ምንም ሕመም ሳይኖር ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ ያለ ምልክት አንቲባዮቲክ አያስፈልግም። ትኩሳት፣ ሲሸኑ ማቃጠል፣ ደም፣ የታችኛው ሆድ መወጠር ወይም ድንገተኛ መቃዠት ካለ ግን በዚያው ቀን ለሐኪም ይነገር።

ቆዳውን ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና አጽዱ፣ ሳትፈትጉ አድርቁ፣ ዚንክ ያለው ክሬም ወይም ቫዝሊን ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ክሬሙ ከበዛ ዳይፐሩ ሽንቱን በደንብ አይመጥም። ሁለት ዳይፐር መደራረብም ሙቀትና እርጥበት ከማፈን በቀር ጥቅም የለውም።

ሥራ ሲበዛ «ለምን ካቴተር (ፊኛ ውስጥ ገብቶ ሽንት የሚያወጣ ቱቦ) አይገባላቸውም?» የሚል ሰው አይጠፋም። ሽንት አልወጣ ላለው ወይም ሐኪም በቂ ምክንያት ላየበት ሰው ይሁን። ለእኛ እንዲቀለን ከሆነ ግን አይሆንም፤ ካቴተር በቆየ ቁጥር የኢንፌክሽን አደጋው ይጨምራል። ካቴተር ይዘው የመጡ ካሉም ለምን እንደገባና መቼ እንደሚወጣ ጠይቃችሁ ፋይላቸው ላይ አስጽፉ።