ስለ ሳኦ ቶሜው ግሮስቢክ ሲጻፍ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በጊኒ ባሕረ ሰላጤ በምትገኘው የሳኦ ቶሜ ደሴት ብቻ የሚኖረው ግሮስቢክ፣ ጥቁር ቡናማ ላባና እጅግ ወፍራም ምንቃር ያለው ብርቅዬ የደን ወፍ ሲሆን፣ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡ ዝርያዎች አንዱ ነው።

በቅድሚያ ሊወገድ የሚገባው ስህተት፣ ለረጅም ዘመን ያልታየን ወፍ እንደጠፋ መቁጠር ነው። ግሮስቢክ እ.ኤ.አ. በ1888 ሳይንሳዊ ስም ካገኘ በኋላ በሕይወት ዳግም እስከታየበት እስከ 1991 ድረስ የታወቀው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በተሰበሰቡ ናሙናዎች ብቻ ነበር። የሚኖርበት ደቡብ ምዕራባዊ ደን ዝናብ የማይለየውና ገደላማ በመሆኑ፣ ያለመታየቱ ምክንያት የወፉ አለመኖር ሳይሆን የፈላጊ ማነስ ሊሆን እንደሚችል አስቀድሞ ማሰብ ይገባ ነበር።

ሁለተኛው ስህተት ዝምድናን በምንቃር መለካት ነው። ይህ ወፍ በምንቃሩ ግዝፈት ምክንያት ለብቻው በአንድ ወገን ተመድቦ ቆይቷል፤ በ2017 የታተመ የዘረመል ጥናት ግን ካናሪ ከተባሉት ትናንሽ ዘማሪ ወፎች መካከል እንደሚመደብና ከእነርሱም ትልቁ እንደሆነ አረጋገጠ። የአገራችን የአንኮበር ሴሪን የተባለው ወፍ የሚገኝበት ክሪታግራ የተባለው ወገን የዚህም ወፍ ወገን ነው። በአጎራባቿ የፕሪንሲፔ ደሴት ስም የሚጠራው የቅርብ ዘመዱ የፕሪንሲፔ ሴሪን በሳኦ ቶሜም ስለሚኖርና እርሱም ቡናማ ስለሆነ፣ የአካሉንና የምንቃሩን መጠን ሳያስተውሉ “ግሮስቢክ አየሁ” ብሎ መመዝገብ ሌላው የተለመደ ጥፋት ነው።

ከሁሉም የሚከፋው ግን አረንጓዴ የሆነውን ሁሉ ደን ብሎ መጥራት ነው። ደሴቲቱን ከላይ የሚያይ ሰው ከዳር እስከ ዳር በዛፍ የተሸፈነች ሊመስለው ይችላል፤ ሆኖም ከዚህ ሽፋን ሰፊው ክፍል ከቅኝ ግዛት ዘመን የተረፈ የካካዎና የቡና እርሻ ጥላ ወይም ከተተወ እርሻ ላይ ዳግም የበቀለ ዛፍ ነው። በእነዚህ ቦታዎች ሌሎች የደሴቲቱ ወፎች ሊገኙ ቢችሉም፣ የግሮስቢክ ዋና መኖሪያ እርሻ ያልደረሰበት ጥንታዊ ደን ነው። ስለዚህ የዛፍ ሽፋንን በመቶኛ ጠቅሶ “መኖሪያው ሰፊ ነው” ማለት፣ ቁጥሩ ትክክል ቢሆንም እንኳ፣ አንባቢን ያሳስታል። በደቡብ የተስፋፋው የፓልም ዘይት እርሻም እንዲሁ ከሩቅ አረንጓዴ ነው።

የደሴቲቱ የኦቦ የተፈጥሮ ፓርክ በ2006 በሕግ መቋቋሙን እንደ መጨረሻ መፍትሔ አድርጎ ማቅረብም አይገባም። ሰው ወደ ደሴቲቱ ያስገባቸው አይጥ፣ ሞና ጦጣና ጥርኝ የፓርኩን ወሰን አያውቁም፤ እነዚህ እንስሳት ለወፎች እንቁላልና ጫጩት አደጋ በመሆናቸው፣ ዛፍ ያልተቆረጠበት ደንም ቢሆን ለወፉ ሙሉ መጠለያ ላይሆን ይችላል።