የእንግሊዝኛ ቅጽሎች ሲደራረቡ፦ ችግርና መፍትሄ

ለውጭ ደንበኛ ዕቃ የሚሸጥ ሰው መግለጫውን በእንግሊዝኛ ሲጽፍ ብዙ ጊዜ የሚደናቀፈው ቅጽሎቹ ላይ ነው። አንድ ቅጽል ሲሆን ቀላል ነው። ሁለትና ሦስት ሲሆን ይምታታል።

ችግር፦ «ኤ ሌዘር ብላክ ባግ» ብለው ጻፉ። ቃላቱ ሁሉ ትክክል ናቸው፤ ግን በእንግሊዝኛ አፉን የፈታ ሰው ሲያነበው ይጎረብጠዋል።

ምክንያት፦ በአማርኛ «የቆዳ ጥቁር ቦርሳ» ብንልም «ጥቁር የቆዳ ቦርሳ» ብንልም ያስኬዳል። እንግሊዝኛ ግን ወረፋ አለው። መጀመሪያ አስተያየት፣ ከዚያ መጠን፣ ዕድሜ፣ ቅርጽ፣ ቀለም፣ የመጣበት አገር፣ የተሠራበት ነገር፣ በመጨረሻ አገልግሎቱ። ስለዚህ ቀለሙ ይቀድማል፤ «ኤ ብላክ ሌዘር ባግ»።

መፍትሄ፦ ስምንቱን በቃል መሸምደድ አልመክርም። ስትናገሩ መቼም አይደርስላችሁም። ይልቅ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ ሰው ሊከራከረኝ የሚችለው የቱ ላይ ነው? ቦርሳው ማማሩ ላይ ሁለት ሰው ላይስማማ ይችላል። ቆዳ መሆኑ ላይ ግን ምን ክርክር አለ? የሚያከራክረው ከስሙ ይርቃል፤ ከዕቃው የማይነጠለው ይጠጋል።

ከስሙ ተነሱና ወደ ፊት እየጨመራችሁ ሂዱ። ባግ። ከምን ተሠራ? ሌዘር ባግ። የየት አገር? ኢትዮጵያን ሌዘር ባግ። ቀለሙስ? ብራውን ኢትዮጵያን ሌዘር ባግ። መጠኑ? ስሞል ብራውን ኢትዮጵያን ሌዘር ባግ። «ቢዩቲፉል» ማለት ካማራችሁ ቦታው ከሁሉም ፊት ነው። እውነቱን ለመናገር ግን አምስት ቅጽል ይበዛል። ሁለት ሦስቱን ብቻ ያዙና የቀረውን በሌላ ዓረፍተ ነገር ጻፉት፤ ገዢውም ሳይሰለች ያነበዋል።

ችግር፦ «ኤ ቢግ ኤንድ ብላክ ባግ»። መጠንና ቀለም የተለያየ ወገን ስለሆኑ ከስሙ በፊት «ኤንድ» አያስፈልጋቸውም፤ «ኤ ቢግ ብላክ ባግ» በቂ ነው። ሁለቱም ቀለም ከሆኑ ግን ይገባል፤ «ኤ ብላክ ኤንድ ዋይት ባግ»። ቅጽሎቹ ከስሙ ኋላ ሲመጡም እንዲሁ፤ «ዘ ባግ ኢዝ ቢግ ኤንድ ብላክ»።

ችግር፦ «ኤ ፋይቭ ይርስ ኦልድ ቦይ»። ይህ በጣም የተለመደ ነው። እኛ «ትልልቅ ቦርሳዎች» ብለን ቅጽሉንም ስለምናበዛ ይመስለኛል። በእንግሊዝኛ ከስም በፊት የገባ ቅጽል የብዙ ቁጥር ኤስ አይወስድም። «ኤ ፋይቭ ይር ኦልድ ቦይ» በሉ፤ ሲጻፍም ሦስቱ ቃላት በሰረዝ ይያያዛሉ።

አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። በእንግሊዝኛ የልጆች ተረት ውስጥ ተኩላው «ቢግ ባድ ዎልፍ» ነው። አስተያየቱ መቅደም ነበረበት፤ መጠኑ ቀደመ። እዚህ ድምፁ ወረፋውን አሸንፎታል ይባላል፤ እንግሊዝኛ «ዚግዛግ» እና «ፒንግ ፖንግ» ላይ እንደሚያደርገው የ«ኢ» ድምፅን ያስቀድማል። እንዲህ ያለውን እንዳለ መያዝ ነው።