ለክሊክ ስትከፍሉ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ወዳጄ ጣና ላይ ጀልባ ያሠራል። እንግዳ ጭኖ ዘጌ ይሻገራል፤ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን አስጎብኝቶ ይመለሳል። ጎግል ላይ ሰው በነካው (ክሊክ ባደረገው) ቁጥር የሚከፈልበት ማስታወቂያ ከፍቶ ወር ሳይሞላው ስልኩን ይዞልኝ መጣ። «ክሊክ የሚያደርገው ሰው በሽ ነው፤ ተሳፋሪ ግን የለም። ብሬን ውሃ በላው» አለኝ። ቁጭ ብለን ስናየው ብሩ የሚያፈስበት ቀዳዳ አንድ ብቻ አልነበረም።

ትልቁ ስህተት ቃሉ ላይ ነበር፤ ሰው ጎግል ላይ ሲፈልገው ማስታወቂያው እንዲወጣ የሚመረጠው ቃል ማለቴ ነው። በፈረንጅ ፊደል «ጣና» ብሎ አስገብቶ ማዛመጃውን በሰፊው ትቶታል፤ ማለትም ከቃሉ ጋር የሚቀራረብ ፍለጋ ሁሉ ማስታወቂያውን ሊያወጣ ይችላል። ሰዎች በትክክል የጻፉትን የሚያሳየውን ዝርዝር ከፈትን። ኬንያ ውስጥ ጣና የሚባል ወንዝ አለ፤ እሱን የሚፈልግ ሰው መጥቷል። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ጣና ቶራጃ የሚባል ቱሪስት የሚወደው አካባቢ አለ፤ ለዚያ የሚሄደውም የወዳጄን ማስታወቂያ ነክቷል። የሐይቁን ጥልቀት ለቤት ሥራው የሚፈልግ ተማሪም አልጠፋም። ለሁሉም የከፈለው እሱ ነው።

ምን አደረግን? አንደኛ፣ ቃሉን አስረዘምነው፦ «ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ጀልባ»፣ «የጣና ገዳማት ጉብኝት»። እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ሰው እግሩን ለጉዞ አንስቷል። ሁለተኛ፣ «ኬንያ»፣ «ቶራጃ»፣ «ካርታ»፣ «ጥልቀት» የሚሉትን የማይፈለጉ ቃላት መዝገብ ውስጥ ከተትናቸው። እነዚህ ያሉበት ፍለጋ ላይ ማስታወቂያው አይወጣም። ሰዎች የጻፉትን የሚያሳየውን ዝርዝር በየሳምንቱ ማየት ያስፈልጋል። ሰው ምን እንደሚጽፍ አስቀድሞ መገመት አይቻልማ።

ሁለተኛው ስህተት ያሳቀን ነው። «ከ2 እስከ 12 ሰዓት ይታይ» ብሎ ሞልቷል። የኛን ጠዋትና ማታ ማለቱ ነበር። ጎግል ግን የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው። ማስታወቂያው ሌሊት 8 ሰዓት ይጀምርና ቀን 6 ሰዓት ላይ ይጠፋል። ስልኩ ሌሊት ይጮኻል፤ የሚያነሳ የለም። አሁን በፈረንጁ ከጠዋቱ 8 እስከ ምሽቱ 6 ሆኗል።

ማስታወቂያው የሚታይበትን ቦታም ሳያዩ ማለፍ አለ። ባሕር ዳርን ስትመርጡ፣ ካልቀየራችሁት፣ ጎግል ከተማው ውስጥ ያለውንም ስለ ከተማው የሚፈልገውንም ያጠቃልላል። ለጀልባ ይህ አይከፋም፤ አዲስ አበባ ሆኖ ጉዞ የሚያቅደውን ያመጣል። ጸጉር ቤት ከሆነ ያላችሁ ግን «እዚያው ያሉትን ብቻ» በሉት።

በአንድ ቀን የበጀቱ እጥፍ ሲወጣ ደንግጦ ማጥፋትም ስህተት ነው። የቀኑ በጀት 100 ብር ከሆነ አንዳንድ ቀን እስከ 200 ሊሄድ ይችላል። በወር ግን ከቀኑ 30.4 እጥፍ፣ ማለትም ከ3,040 ብር አያልፍም።

ከክሊክ በኋላ የሚከፈተው ገጽ ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የወዳጄ ማስታወቂያ ስለ ዘጌ ያወራል፤ ሲነኩት የሚመጣው ከባድ ፎቶ የሞላበት፣ ኔትወርክ ሲደክም የማይከፈት ገጽ ነበር። ዋጋ የለም፤ ስልክ ቁጥሩ ከታች ተደብቋል። ገጹና ማስታወቂያው ካልተጣጣሙ ጎግልም ለአንድ ክሊክ የበለጠ ያስከፍላል። አሁን ዋጋው፣ የመነሻ ሰዓቱና የሚነካ ስልክ ቁጥር ከላይ ናቸው።

የራስን ማስታወቂያ ደጋግሞ እየፈለጉ መንካትም ቢቀር ይሻላል። የማየት ፍላጎት ከያዛችሁ ለዚሁ የተሠራ መመልከቻ ጎግል ማስታወቂያ ውስጥ አለ።

የቀረው ሒሳቡ ነው። እንበል አንድ ክሊክ 12 ብር ቢሆን፣ 100 ክሊክ 1,200 ብር ይሆናል። ከመቶው አራት ሰው ደውሎ አንዱ ጀልባ ቢከራይ፣ ያ አንድ ደንበኛ 1,200 ብር አስወጣችሁ ማለት ነው። ከነዳጅና ከሠራተኛ በኋላ ከጉዞው 1,000 ብር ከተረፋችሁ፣ ጀልባው በሄደ ቁጥር 200 ብር ትከስራላችሁ። ወዳጄ አሁን የሚሳፈረውን ሁሉ «በምን አገኙን?» ብሎ ይጠይቅና በደብተር ይጽፋል። ከጥምቀት በፊት በጀቱን ከፍ ያደርጋል፤ ክረምት ሲገባ ይዘጋዋል።