ስለ ባህር ጃርት ኢሚዩኒቲ (በሽታ የመከላከል አቅም) ስትፅፉ እነዚን ስህተቶች አስወግዱ

ሰሚናር ሲደርስ አራት ኪሎ ፕሪንት ቤቶቹ በር ላይ "እስኪ ስላይዴን አንዴ እይልኝ" የሚል ተማሪ አይጠፋም፣ እኔም ማየት ደስ ይለኛል፣ ግን የባህር ጃርት (ሰውነቱ በእሾህ የተሸፈነው የባህር እንስሳ) ወይ ዘመዱ የባህር ኮከብ ርዕስ ሆኖ የደረሰው ሁሉ ማለት ይቻላል እንስሳውን በሰው ልክ እየለካ ነው የሚሳሳተው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የፃፍኩት።)

ዋናው ስህተት አንቲቦዲ ነው፣ ማለትም ጀርሙን ለይቶ የሚይዘው ፕሮቲን። "ባክቴሪያ ሲገባበት አንቲቦዲ ያመርታል" ተብሎ ይፃፋል፣ አያመርትም፣ አንቲቦዲ የሚያመርተው ቢ ሴልም፣ ረዳቱ ቲ ሴልም የለውም። እርግጥ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ፣ እኛ አንቲቦዲ ለመስራት የምንጠቀምባቸውን ራግ የሚባሉ ጂኖች የሚመስሉ ጂኖች እሱም ጋ ተገኝተዋል፣ እና ይቺን ያነበበ ሰው በቃ አለው ማለት ነው ብሎ ያልፋል። ጂኑ መገኘቱ ሌላ፣ አንቲቦዲ መስራቱ ሌላ።

ይሄን የነገርኩት ተማሪ ደግሞ ዞሮ "እንግዲያው ደካማ ነው" ብሎ ይፅፍልኛል፣ ሁለተኛው ስህተት ይሄ ነው። የሀምራዊው ባህር ጃርት ጂኖም (ሙሉ የጂን ስብስቡ) 2006 ላይ ሲወጣ የጀርም ምልክት የሚለዩት ቶል ላይክ ሪሴፕተር የሚባሉት ጂኖች 222 ሆነው ተገኙ፣ ሰው ያለው 10 ነው! ተመሳሳይ ስራ ያላቸው ኖድ ላይክ የሚባሉትም ከ200 በላይ ናቸው፣ እኛ ደም ውስጥ ጀርም ላይ የሚለጠፈው ኮምፕሊመንት ሲ3 የሚባል ፕሮቲን ዘመድም አለው። ቀዩ የባህር ጃርት ደሞ ከ100 ዓመት በላይ መኖር ይችላል፣ ባክቴሪያ በሞላው ውሃ ውስጥ ይሄን ያህል የሚቆይን እንስሳ ደካማ ማለት ይከብዳል።

ሶስተኛው፣ እኔን በጣም የሚያናድደኝ፣ ቀዮቹ ሴሎች ናቸው። ቀይ ስለሆኑ ብቻ "ኦክስጅን ተሸካሚ" የሚል ፅሁፍ ይለጠፍባቸዋል። ሴሎቹ ሲሎሞሳይት ነው የሚባሉት፣ የሚንሳፈፉት የሰውነት ክፍተቱን በሞላው ፈሳሽ ውስጥ ነው፣ እና ቀዩ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ውስጡ በቀይ ጥቃቅን ፍሬ (ግራኑል) የታጨቀ፣ ቅርፁን እየቀያየረ የሚሳብ ሴል ነው። ቁስል ሲኖር ወይ ባክቴሪያ ሲገባ እዛ ይሰበሰብና ፍሬውን ያፈሳል፣ ቀለሙ ኤካይኖክሮም ኤ ነው፣ ሄሞግሎቢን አይደለም፣ ባክቴሪያ ያለ አይረን መራባት ስለሚቸግረው ቀለሙ አይረኑን ይዞ ያስቀረዋል። ገና እጭ እያለ እንኳ ቪብሪዮ የሚባል ባክቴሪያ ሲገባበት ቆዳው ላይ ያሉት ባለቀለም ሴሎች ወደ አንጀቱ ሲሄዱ ይታያሉ፣ እጩ እንደ መስታወት ስለሆነ ሳይቀደድ ነው የሚታየው። ግን ይሄን ለሁሉም ዘመዶቹ እንዳትገለብጡት፣ አንዳንድ የባህር ኪያሮች እውነትም ሄሞግሎቢን ያለበት ሴል አላቸው።

ፎቶ ላይ ደሞ ጥንቃቄ። ፋጎሳይቱ፣ ማለትም ጀርም የሚውጠው፣ አንዴ የአበባ ቅጠል የመሰለ ሰፊ ክንፍ ይዘረጋል፣ ሌላ ጊዜ ክር ክር ያወጣል፣ ተማሪው ሁለት ዓይነት ሴል ብሎ ይፅፋል። ሰው ጋቢውን ስላወለቀ ሌላ ሰው አይሆንም። ፈሳሹ ከእንስሳው ሲወጣ ቶሎ የሚረጋውም ሴሎቹ ክር አውጥተው እርስ በርስ ስለሚያያዙ ነው፣ ላብራቶሪ ውስጥ ለዚ ነው ኢዲቲኤ የሚባል መርጋትን የሚከለክል ኬሚካል የሚጨመረው።

ታሪኩ ላይ ሳይንቲስቱን ሜችኒኮቭን "በባህር ጃርት ፋጎሳይትን አገኘ" የሚሉ አሉ። የባህር ኮከብ እጭ ነው እንጂ! 1882 ላይ ሲሲሊ፣ መሲና ከተማ፣ የፅጌረዳ እሾህ እጩ ውስጥ ሰካበት፣ በነጋታው ሲያይ ሴሎቹ እሾኩን ከበውታል። ኖቤሉን 1908 ከፖል ኤርሊክ ጋር ተካፈለ።

የመጨረሻው፣ 222 ጂን ስላለው አይታመምም የሚለው። 1983 እና 84 ካሪቢያን ላይ ረጅም እሾህ ያለው ዲያዴማ የሚባል የባህር ጃርት ከ10 ከ9 በላይ አለቀ፣ መንስኤው ሳይረጋገጥ ቀረ። 2022 ላይ እዛው እንደገና ሲያልቅ ገዳዩ ሲሊዬት የሚባል ባለአንድ ሴል ጥገኛ ሆኖ ተገኘ፣ ሁለቱን እልቂት አንድ አድርጋችሁ እንዳትፅፉ። ያው ሲሊዬት በኋላ ቀይ ባህር፣ አቃባ ባህረ ሰላጤ ላይ የሌላውን ዲያዴማ ዝርያ ጨርሶታል፣ ለስላይዳችሁ ምሳሌ ከፈለጋችሁ ከካሪቢያን ይልቅ ይሄኛውን ውሰዱ፣ ቅርባችን ነው፣ ጠያቂውም ካርታው ላይ አይቸገርም።