የእጅ ባትሪያችሁ ብርሃን እውነት ስንት ሜትር ይደርሳል? እንዲህ ለኩት

መርካቶ ወርዳችሁ ሩቅ የሚያበራ የእጅ ባትሪ ብትጠይቁ፣ ካርቶኑ ላይ «5000 ሜትር» የተጻፈበት አታጡም። ሻጩም ይምልላችኋል። እስቲ ቁጥሩን በሂሳብ እንየው። ከታች በምናየው መለኪያ 5 ኪሎ ሜትር ለመድረስ ባትሪው 6 ሚሊዮን 250 ሺህ ካንዴላ (ብርሃኑ በአንድ አቅጣጫ ያለው ጥንካሬ) ያስፈልገዋል። 5 ሜትር ላይ ያለ ግድግዳ ላይ ብታበሩት 250,000 ሉክስ ያርፍበታል ማለት ነው፤ ሉክስ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ብርሃን የሚለካበት ነው። የቀትር ፀሐይ እንኳ በቀጥታ ስታርፍ 100,000 ሉክስ አካባቢ ናት። ኪስ ውስጥ የምትገባ ባትሪ ፀሐይን በእጥፍ ስትበልጥ አስቡት!

ደግነቱ እውነተኛውን ቁጥር ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ስልክ፣ ሜትርና ጨለማ ኮሪደር ይበቃል። ከዚያ በኋላ ሜዳ ላይ ወጥቶ በዓይን ማየት አለ። እኔ የበለጠ የማምነው ይሄንን ሁለተኛውን ነው።

«ደረሰ» የሚባለው መቼ ነው?

ብርሃን የሆነ ቦታ ሲደርስ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ እየደከመ ነው የሚሄድ። ስለዚህ የሆነ ቦታ ላይ መስመር ማስመር የግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ውስጥ የወጣው ኤፍ ኤል 1 የሚባል መለኪያ መስመሩን 0.25 ሉክስ ላይ አሰመረው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ጨረቃ ሙሉ ስትሆን መሬት ላይ የሚያርፈው ብርሃን ያህል ነው። ጥሩ የሚባሉት አምራቾች ካርቶን ላይ የሚጽፉት ሜትር በዚህ ስሌት የወጣ ነው።

ሉመን ከዚህ ጋር እንዳይምታታባችሁ። ሉመን ባትሪው በጠቅላላ የሚያወጣው ብርሃን ነው። ሩቅ የሚወስደው ግን ካንዴላ ነው፤ ማለትም ብርሃኑ በአንድ አቅጣጫ ምን ያህል ተሰብስቧል የሚለው። የውሃ ጎማ ጫፍ በአውራ ጣት ሲታፈን ውሃው ሩቅ እንደሚሄደው ነው፤ ውሃው ያው ነው፣ አካሄዱ ግን ይለያል። ለዚህ ነው 1,000 ሉመን ያለው ባትሪ 3,000 ሉመን ያለውን በርቀት ሲያስከነዳ የምታዩት።

ቤት ውስጥ መለካት

መጀመሪያ ባትሪውን እስኪሞላ ቻርጅ አድርጉ። የባትሪ ድንጋይ የሚጠቀም ከሆነ አዲስ ድንጋይ ክተቱበት። መስታወቱን በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት።

አንድሮይድ ስልክ ካላችሁ ሉክስ የሚለካ ነፃ አፕ አውርዱ። ብርሃን የሚለካው ሴንሰር ብዙ ጊዜ ከፊት ካሜራው አጠገብ ነው። በጣታችሁ እየሸፈናችሁ ፈልጉት፤ ቁጥሩ ድንገት ሲወርድ አገኛችሁት ማለት ነው። አይፎን ላይ ያሉት አፖች በካሜራው ስለሚገምቱ ብዙም አልመካባቸውም። ሉክስ ሜትር የሚባለውን የብርሃን መለኪያ መሣሪያ መዋስ ከቻላችሁ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል።

ስልኩን ግድግዳ ላይ አስደግፉ። ከባትሪው መስታወት እስከ ስልኩ ድረስ ልክ 5 ሜትር በሜትር ለኩ። አንድ ሜትር ላይ ሆናችሁ ብትለኩ ብርሃኑ ገና ስላልተሰበሰበ ውጤቱ ያሳስታችኋል፤ በተለይ ትልቅ ራስ ያላቸው ባትሪዎች ላይ። የኮሪደሩን መብራት አጥፉ። ባትሪውን የመጨረሻው ኃይል ላይ አድርጋችሁ አብሩና 30 ሰከንድ ጠብቁ። ከዚያ የብርሃኑን መሐል ሴንሰሩ ላይ ቀስ እያላችሁ አንቀሳቅሱና ከፍተኛውን ቁጥር ያዙ። ልጆች አጠገባችሁ ካሉ ዓይናቸው ላይ እንዳይበራ ተጠንቀቁ፤ ይህ ቀልድ አይደለም።

ሂሳቡ ቀላል ነው። በስልካችሁ ካልኩሌተር ቁጥሩን √ (ስኩዌር ሩት) ውስጥ አስገቡና በ10 አባዙት። አለቀ። ለምሳሌ 3,600 ሉክስ ካነበባችሁ √3,600 = 60 ነው፤ በ10 ሲባዛ 600 ሜትር። 10 ሜትር ላይ ሆናችሁ ከለካችሁ ደግሞ በ20 አባዙ። ያው ባትሪ እዚያ 900 ሉክስ ስለሚያሳይ መልሱ አሁንም 600 ሜትር ነው። ሁለቱም ላይ ለክታችሁ ቁጥሮቹ ከተቀራረቡ ልፋታችሁ ፍሬ አለው። ካልተቀራረቡ ሴንሰሩ ሞልቶ ይሆናል፤ አንዳንድ ስልክ ብርሃን ሲበዛበት አንድ ቁጥር ላይ ተገትሮ ይቀራል። ያኔ ወደኋላ ራቁ።

ስልኩ ትንሽ ቢዋሽም ብዙ አትጨነቁ። ሉክሱን 20 በመቶ አሳንሶ ቢያነብ እንኳ የሜትሩ ስህተት 10 በመቶ ገደማ ነው።

ይህን ሱቅ ውስጥም መሞከር ይቻላል። ባትሪው ሳይበራ ስልኩ የሚያነበውን ቁጥር ያዙ፤ ሲበራ ከሚያነበው ላይ ቀንሱት። ሻጩ «ቀን ስለሆነ ነው እንጂ» ቢላችሁ የቀኑን ብርሃን አስቀድማችሁ ቀንሳችኋል።

ሜዳ ላይ

አሁን 600 ሜትር አላችሁ። ግን 600 ሜትር ላይ የቆመ ሰው ይታያችኋል? አይታይም። እዚያ ያለው የጨረቃ ብርሃን ያህል ነው፤ ያውም ሰውየው ላይ አርፎ ተመልሶ ዓይናችሁ ድረስ መምጣት አለበት። ግማሹ ላይ፣ ማለትም 300 ሜትር ላይ፣ ብርሃኑ 1 ሉክስ ይሆናል፤ አራት እጥፍ ነው። የሚረባው ርቀት ከዚያ ወዲህ ነው የሚጀምረው።

ገላጣ ቦታ ፈልጉ፤ ሱሉልታ አካባቢ ያሉት ዓይነት ሜዳዎች ይመቻሉ። ጨረቃ የሌለችበት ማታ ይሁን። ክረምት ላይ ጭጋጉ፣ በጋ ላይ አቧራና ጭሱ ብርሃኑን ይበላዋል። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ያሉት የጥቅምት ምሽቶች በጣም አሪፍ ናቸው። ከመውጣታችሁ በፊት ለአካባቢው ሚሊሻ ወይም ጥበቃ ንገሩ። በሌሊት ኃይለኛ ብርሃን ሲወዛወዝ ያየ ሰው በጎ ነገር አያስብም። ሰው ቤት፣ መኪና ላይ አታብሩ። ሰማይ ላይማ ጭራሽ፤ በተለይ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ በሚያልፍበት።

አንድ ጓደኛ ያስፈልጋችኋል። ቀን ላይ ጉግል ማፕ ከፍታችሁ የምትቆሙበትን ነጥብ ጫን አድርጋችሁ ያዙና በርቀት መለኪያው በየ50 ሜትሩ ምልክት የሚሆን ነገር ምረጡ፤ ዛፍ፣ ድንጋይ፣ አጥር። ማታ ጓደኛችሁ ከ100 ሜትር ጀምሮ እየራቀ ይቁም። ፊቱን ያዙርና ቀኝ እጁን ወይም ግራውን ያንሳ፣ ወይም ምንም አያንሳ። እናንተ የትኛውን እንዳነሳ በስልክ ንገሩት። መሳሳት የጀመራችሁበት ርቀት ላይ አቁሙ። «የሚታየኝ ይመስለኛል» የሚለውን ነገር የምንሸሸው በዚህ ነው፤ ሰው መኖሩን አስቀድሞ የሚያውቅ ዓይን የሌለውንም ያያል።

ሁለት ጊዜ ሞክሩት፤ አንዴ ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ አንዴ ጥቁር ጃኬት ለብሶ። ልዩነቱ ያስገርማችኋል። ባትሪውን ከዓይናችሁ አርቃችሁ ወገባችሁ ላይ ያዙት፤ ፊታችሁ ላይ ካደረጋችሁት የሚበራው አቧራ ራሱ ይጋርዳችኋል። የመኪና ታርጋና የጅብ ዓይን ደግሞ እንዳያታልላችሁ። ሁለቱም ብርሃኑን ወደመጣበት ስለሚመልሱ ከሰው በጣም ርቀውም ያበራሉ። ጅቡ ታየ ማለት አጠገቡ ያለው ሰው ይታያል ማለት አይደለም።

ከ10 ደቂቃ በኋላስ?

ካርቶኑ ላይ ያለው ሜትር ባትሪው እንደበራ ያለው ነው። ኃይለኛ ባትሪዎች ግን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይግላሉ፤ እንዳይቃጠሉም ራሳቸው ብርሃናቸውን ይቀንሳሉ። ስለዚህ ኮሪደሩ ውስጥ ሳታጠፉት 10 ደቂቃ ቆዩና እንደገና ለኩ። ሉክሱ ወደ ሩብ ከወረደ 600 የነበረው 300 ሜትር ሆኗል። አንዴ ብልጭ አድርጋችሁ አጥር የምታዩበት ከሆነ የመጀመሪያው ቁጥር ይበቃችኋል። ሌሊቱን ሙሉ ለጥበቃ የምትይዙት ከሆነ ግን ሁለተኛውን ያዙ።