የስኳር ህመምና አይቢኤስ አብረው ሲመጡ፦ አመጋገብን እንዴት ማስተካከል ይቻላል?

የስኳር ህመም ላለበት ሰው ጥራጥሬ እንዲያዘወትር፣ ነጩን ዳቦ ትቶ ያልተፈተገ ስንዴ እንዲበላ፣ ጣፋጭ ካማረውም "ስኳር የሌለው" የሚለውን እንዲመርጥ ይነገረዋል። አንጀቱ ቶሎ ለሚቆጣ፣ ማለትም አይቢኤስ ላለበት ሰው ደግሞ ጥራጥሬና ስንዴ እንዲቀንስ፣ ሩዝና ድንች እንደሚስማሙት ይነገረዋል። ምክሮቹ ለየብቻቸው ልክ ናቸው። አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ግን ይጋጫሉ፤ ስኳርን የሚያረጋጋው ምግብ ሆድን ይነፋል፣ ሆድን የሚያሳርፈው ስኳርን ይሰቅላል። በዚህ መሀል ብዙዎች ከገበታቸው አንድ በአንድ እያነሱ መጨረሻ ላይ ሩዝና ዶሮ ብቻ ይቀራቸዋል። እዚያ መድረስ አያስፈልግም። አብዛኛው ግጭት የሚፈታው የምግቡን መጠን በመለካትና ምን ቀድሞ ወደ ገበታ እንደሚመለስ በማወቅ ነው።

ምግብ ከመቀየርዎ በፊት

መጀመሪያ መድኃኒቱን ይጠርጥሩ። የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚን ተቅማጥ፣ የሆድ መነፋትና ማቅለሽለሽ እንደሚያመጣ የታወቀ ነው። ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚታየው መድኃኒቱ ሲጀመር ወይም መጠኑ ሲጨምር ነው፤ ለዓመታት በሰላም ወስደውት ቆይተው በኋላ ሆዳቸውን የሚያውካቸውም አሉ። ከምግብ ጋር መውሰድ፣ መጠኑን ቀስ በቀስ ማሳደግ ወይም ቀስ ብሎ ወደሚለቀቀው ዓይነት መቀየር ለብዙ ሰው ያቃልላል፤ ይህን ግን ከሐኪም ጋር ነው የሚያደርጉት። አካርቦዝ የሚወስድ ሰው ጋዝ ቢበዛበት አይገርምም፤ መድኃኒቱ የሚሠራው ስታርች በትንሹ አንጀት ውስጥ እንዳይፈጭ በማዘግየት ስለሆነ ያልተፈጨው ትልቁ አንጀት ደርሶ በባክቴሪያ ይብላላል። እንደ ሊራግሉታይድና ሴማግሉታይድ ያሉት ደግሞ ጨጓራን ያዘገያሉ፤ ማቅለሽለሽ፣ ድርቀት ወይም ተቅማጥ ሊያመጡ ይችላሉ። ከእነዚህ በአንዱ ምክንያት የታመመን ሆድ በአመጋገብ ብቻ ለማዳን መሞከር ድካም ነው።

ሁለተኛው የሴሊያክ ምርመራ ነው፤ ሴሊያክ ግሉተን በሚባለው የስንዴ ፕሮቲን ምክንያት አንጀት የሚጎዳበት በሽታ ነው። ዓይነት 1 የስኳር ህመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ሴሊያክ ከሌላው ሰው ይልቅ በብዛት ይገኛል፤ ምልክቱም ከአይቢኤስ ጋር ይመሳሰላል። የደም ምርመራው የሚታመነው ሰውየው ስንዴ እየበላ ከሆነ ብቻ ነው። ስንዴ አቁመው ከቆዩ በኋላ ቢመረመሩ በሽታው እያለ ውጤቱ "የለም" ሊል ይችላል። ስለዚህ ምርመራው ይቅደም፣ ስንዴ መቀነሱ ይከተል።

ሰገራ ላይ ደም፣ ሳያስቡት የክብደት መቀነስ፣ የደም ማነስ፣ ከእንቅልፍ የሚያስነሳ ተቅማጥ፣ ጥቂት በልቶ መጥገብና ያልተፈጨ ምግብ ማስመለስ አይቢኤስ ነው ብለው የሚያልፏቸው ምልክቶች አይደሉም። የመጨረሻው በተለይ ለረጅም ጊዜ ስኳር ያለበት ሰው ጨጓራው መዘግየቱን ሊያመለክት ይችላል፤ እንዲህ ያለ ጨጓራ ደግሞ ፋይበር ሲበዛበት ይብስበታል።

አንድ ገበታ፣ ሁለት የተለያዩ ሰዓቶች

ሰዎች ጥፋተኛውን ምግብ የሚስቱት በአብዛኛው በሰዓት ስሌት ነው። የደም ስኳር ከምግብ በኋላ ከፍ የሚለው በ1 ወይም በ2 ሰዓት ውስጥ ነው። በመብላላት የሚመጣው የሆድ መነፋት ግን ምግቡ ትልቁ አንጀት እስኪደርስ ይጠብቃል፤ ብዙ ጊዜ 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ፣ አንዳንዴም እስከ ማግስቱ። ማታ ሆድዎ ሲነፋ ጥፋቱ የእራቱ ሳይሆን የምሳው ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ነው ማስታወሻ የግድ የሚሆነው። የበሉትን በመጠኑ፣ ከመብላትዎ በፊትና ከመጀመሪያው ጉርሻ 2 ሰዓት በኋላ ያለውን ስኳር፣ ከዚያም በቀጣዩ 24 ሰዓት ሆድዎ የሆነውን ከየሰዓቱ ጋር ይጻፉ። ለአብዛኛው አዋቂ ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ ከምግብ በኋላ ደግሞ ከ180 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች የተለመደ ግብ ነው፤ ሐኪምዎ ሌላ ቁጥር ከሰጠዎ የእርስዎ ግብ ያ ነው። በምግቦች መካከል ከ3 እስከ 4 ሰዓት ክፍተት ይተዉ። በየሰዓቱ የሚቀማምስ ሰው ሁለቱንም መዝገብ ማንበብ አይችልም።

ገበታውን መሥራት

ከ2 እስከ 6 ሳምንት ለሚቆይ ጊዜ ፎድማፕ የሚባሉትን፣ በአንጀት ውስጥ በደንብ ሳይመጠጡ የሚብላሉ ካርቦሃይድሬቶች ይቀንሱ። በብዛት የሚገኙት በስንዴ፣ በቀይና በነጭ ሽንኩርት፣ በብዙ ጥራጥሬ፣ በወተት፣ በማር፣ በፖም፣ በማንጎ፣ እንዲሁም ስማቸው በ"ኦል" በሚያልቅ ማጣፈጫዎች ውስጥ ነው። በእነሱ ፋንታ የሚገቡት ሩዝ፣ ድንችና አጃ ሆድን ያሳርፋሉ፤ ስኳር ባለበት ሰው ግን እንዳሻ አይበሉም። የበሰለ ሩዝ ሲሶ ኩባያ 15 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለው፤ የተቀቀለ ድንች ግማሽ ኩባያም እንደዚያው። (ኩባያ ስንል 240 ሚሊሊትር የሚይዘውን መለኪያ ነው።) በአንድ ገበታ ከ30 እስከ 45 ግራም ለብዙ አዋቂ የሚመች መነሻ ነው።

አንድ ምሳ እንይ። ሁለት ሦስተኛ ኩባያ ሩዝ 30 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ይሰጣል። ተቀቅሎ ውሃው የተደፋ ምስር ሩብ ኩባያ ሲጨመርበት ወደ 40 ይደርሳል። ከዚያ ዶሮ፣ ዓሣ ወይም እንቁላል፤ የቀረው የሳህኑ ግማሽ ካሮት፣ ፎሶሊያ፣ ስፒናችና ኪያር። ሲበሉ አትክልቱንና ፕሮቲኑን አስቀድመው ሩዙን መጨረሻ ላይ ያድርጉት፤ የምግብ ቅደም ተከተል ብቻውን ከምግብ በኋላ ያለውን የስኳር ጭማሪ ዝቅ ያደርጋል። ዘይት በልኩ ይሁን። ስብ የስኳሩን መነሳት ቢያዘገይም ሲበዛ የአንጀትን እንቅስቃሴ ስለሚያነሳሳ ቁርጠትና ተቅማጥ ያመጣል። ምግብ ካለቀ በኋላ 10 ወይም 15 ደቂቃ ቀስ ብሎ መራመድ ስኳሩንም ያወርዳል፣ ጋዙንም ያንቀሳቅሳል።

እዚህ ላይ ምስሩ ለምን ገባ የሚል ይኖራል። ሆድ የሚነፉት የጥራጥሬ ስኳሮች በውሃ ይሟሟሉ። ሌሊቱን ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት፣ በአዲስ ውሃ ቀቅሎ ያንንም ማፍሰስ፣ የታሸገ ከሆነም በደንብ ማለቅለቅ የሚነፋውን ክፍል በጉልህ ይቀንሰዋል። መረቁ ውስጥ ከተበላ ግን የሟሟው ሁሉ ሳህኑ ላይ ነው። ሩብ ኩባያ ለአብዛኛው ሰው የሚቻል መጠን ነው፤ እና ለስኳር ህመምተኛ ጥራጥሬን ሙሉ በሙሉ ማጣት ትልቅ ኪሳራ ነው።

ነጭ ሽንኩርት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ፍሩክታን የሚባለው ክፍሉ በውሃ ይሟሟል፣ በዘይት አይሟሟም። ነጭ ሽንኩርቱን በዘይት አሙቀው፣ ውሃ ያለበት ነገር ከመጨመርዎ በፊት ፍሬውን አውጥተው ይጣሉት፤ ጣዕሙ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። ቲማቲም ወይም ውሃ ከገባ በኋላ ማውጣት ግን አይጠቅምም። ዘይቱን ለዕለቱ ብቻ ያዘጋጁ፤ ነጭ ሽንኩርት የገባበት ዘይት ከፍሪጅ ውጭ ሲቀመጥ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ የምግብ መመረዝ አደጋ አለው። በቀይ ሽንኩርት ፋንታ የአረንጓዴ ሽንኩርትን ቅጠል ይጠቀሙ፣ ነጩን ክፍል ይተዉት።

ለቁርስ ደረቅ አጃ ግማሽ ኩባያ (50 ግራም ገደማ) ከተፈጨ ተልባ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጋር ሁለቱንም ህመም ያስማማል፤ ጎኑ ላይ እንቁላል ካለ ደግሞ ስኳሩ ይበልጥ ይረጋጋል። በደቂቃ የሚደርሰው የደቀቀ አጃ ስኳርን ፈጥኖ ስለሚያነሳ ሙሉውን ይምረጡ።

"ይስማማል" የተባሉ ብዙ ትንንሽ ነገሮች በአንድ ገበታ ሲከማቹ ተደምረው ሆድ እንደሚያውኩም አይርሱ።

የሚያሳስቱ ጽሑፎች

"ስኳር የሌለው" ማስቲካ፣ ከረሜላና ቸኮሌት ሲያነሱ ከኋላው ያለውን ዝርዝር ያንብቡ። ሶርቢቶል፣ ማኒቶል፣ ዛይሊቶል ወይም ማልቲቶል ካለበት ለስኳሩ የተመረጠው ነገር ሆድዎን ያውከዋል። ስቴቪያ፣ ሱክራሎዝና አስፓርቴም በዚህ ምድብ ውስጥ አይደሉም። "ግሉተን የሌለው" ዳቦ አብዛኛውን ጊዜ ከሩዝ፣ ከበቆሎና ከድንች ስታርች ስለሚሠራ ስኳርን ከስንዴ ዳቦ በላይ ሊያፈጥን ይችላል። "ላክቶስ የሌለው" ወተት ለሆድ መልካም ነው፤ ካርቦሃይድሬቱ ግን አልወጣም፣ ላክቶሱ ወደ ግሉኮስና ጋላክቶስ ተከፈለ እንጂ። በ250 ሚሊሊትር 12 ግራም ብለው ይቁጠሩት።

ቀዝቅዞ ያደረ ሩዝ ወይም ድንች ስኳርን በመጠኑ ዝቅ እንደሚያደርግ ይነገራል፤ እውነት ነው፣ የስታርቹ ከፊል ለመፈጨት አስቸጋሪ ስለሚሆን። ያው ያልተፈጨው ስታርች ግን ትልቁ አንጀት ውስጥ ጋዝ ይሆናል። የእርስዎ ሆድ ከቻለው ይጠቀሙበት፣ ካልቻለው ትኩሱን በልኩ ይብሉ።

ሙዝ ላይ ግን ሁለቱ ህመሞች ይስማማሉ፤ ጠንከር ያለው ይሻላል። በጣም ሲበስል ስኳሩም ይፈጥናል፣ ፍሩክታኑም ይጨምራል።

ፋይበር

የስንዴ ብራን (ፉርሽካ) አይጨምሩ፤ አንጀትን ይኮረኩራል። በእሱ ፋንታ ሲሊየም የሚባለው የዘር ልጣጭ ውሃ ይዞ እንደ ጄል ስለሚሆን ድርቀትንም ተቅማጥንም ያስተካክላል፣ የስኳርንም አወጣጥ ያዘገያል። በቀን ከ3 እስከ 4 ግራም በ250 ሚሊሊትር ውሃ በጥብጠው ወዲያው ይጠጡ፣ ከሳምንት በኋላ ቀስ ብለው ይጨምሩ። ውሃው ካነሰ ራሱ ይዘጋል። ከሌሎች መድኃኒቶች በ2 ሰዓት ያራርቁት፤ ጨጓራው የዘገየ ወይም ለመዋጥ የሚቸገር ሰው አይውሰደው።

ስኳር ሲወርድ

ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድና ግሊሜፒራይድ ያሉ መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው አመጋገቡን ሲቀይር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደጋግሞ ይለካ። ከ70 በታች ከወረደ 15 ግራም የግሉኮስ እንክብል ወይም 4 ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ወስደው ከ15 ደቂቃ በኋላ ዳግም ይለኩ፤ ካልተነሳ ይድገሙ። ማርና የፖም ጭማቂ ሆድን ስለሚያውኩ የመጀመሪያ ምርጫ አይሁኑ፤ ሌላ ነገር ከሌለ ግን ሳያመነቱ ይውሰዷቸው። የሆድ መነፋት ያልፋል፣ የወረደ ስኳር አይጠብቅም። አካርቦዝ የሚወስድ ሰው የግድ ግሉኮስ መያዝ አለበት፤ የገበታ ስኳር መድኃኒቱ ስለሚያዘገየው ቶሎ አይደርስለትም።

ምግቡን መመለስ

6 ሳምንት ሞልቶ ሆድዎ ምንም ካልተሻለው ቅነሳውን ያቁሙ፤ መፍትሔው እዚያ አይደለም። ከተሻለው ደግሞ አይቀመጡበት፣ መመለስ ይጀምሩ። እዚህ ላይ ስኳር ያለበት ሰው ቅደም ተከተሉን ለስኳሩ እንዲጠቅም አድርጎ ቢመርጥ እንመክራለን፦ ጥራጥሬ ይቅደም፣ ከዚያ እንጉዳይ፣ ያልተፈተገ የስንዴ ዳቦና እርጎ፤ ማንጎና ማር መጨረሻ ላይ ይሁኑ ወይም ከናካቴው ይቅሩ።

አንዱን ምግብ ብቻ ለ3 ቀን መጠኑን እያሳደጉ ይሞክሩ፣ ከዚያ 3 ቀን ያሳርፉ። የሚሞከረው ምግብ በገበታው ላይ ተጨማሪ ሳይሆን ምትክ መሆን አለበት። ምስሩ በሩብ ኩባያ ሲጨምር ሩዙ በሩብ ኩባያ ይቀንስ፤ ካርቦሃይድሬታቸው ስለሚቀራረብ የስኳር መዝገብዎ ሳይዛባ ሆድዎን ብቻ ይፈትናሉ። ያልተስማማዎትን ለሁልጊዜ አይሰርዙት፤ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ በትንሹ እንደገና ይሞክሩት።

ጥራጥሬው በደንብ ሲመለስ ስኳርዎ ከበፊቱ ዝቅ ብሎና ዘግይቶ መነሳት ይጀምራል። በምግብ ሰዓት ፈጣን ኢንሱሊን የሚወጉ ከሆነ የድሮው መጠን ከምግቡ ቀድሞ ሊሠራና ስኳርዎን ሊጥለው ይችላል፤ ስለዚህ ማስታወሻውን ይዘው ሐኪምዎ ዘንድ ሄደው መጠኑንና ሰዓቱን ያስከልሱ።